«አለ» ሲላላ፣ «አለ» ሲጠብቅ

ማርቆስ ላይ መሽቷል። የጮቄ ውርጭ በመስኮት ስንጥቅ ይገባል፣
ማሽኔ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደ ወባ ሕመምተኛ ይግላል።
ዘጠኝ ሺህ አቤቱታ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደንብ፤
እያንዳንዷ ደብዳቤ በየደንቡ ፊት ቆማ ልትነበብ።
የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ችግር በመጣ ቁጥር አንድ፣
ጣራው ሲያፈስ በአሮጌው ላይ አዲስ ሣር እንደሚጭን ሰው፣
የበሰበሰውን ሳላነሣ
ስደርብ፣ ስደርብ፣ ቤቱ በክዳኑ ክብደት ሊናድ።

አቶ ቢተው፣ የመዝገብ ቤቱ፣ ሠላሳ ዓመት በእጁ የለየ፣
መነጽሩን ወደ አፍንጫው አውርዶ ከትከሻዬ በላይ አየ።
«አንዷን ደብዳቤ ስንት ነገር ትጠይቃታለህ?»
«ሁሉን።»
«ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም?»
«አዎ።»
«ታዲያ ቢነጋብህ ምን ይገርማል!

እኔ መጀመሪያ የማየው ማኅተሙን ነው፤ ክብ ነው? ሞላላ ነው?
ግማሹ ሥራ እዚያ ያልቃል፣ አንድ ፊደል እንኳ ሳልነካው።
አንተ ‹መሬት› የሚል ትፈልጋለህ። እዚህ አገር፣ አንት ሰው፣
‹መሬት› ሳይል አቤት ያለ ማነው?
‹ኑዛዜ› በል፣ ‹ሞግዚት› በል፣ ‹ወለድ አገድ›፤
ብርቁን ቃል ከፊት አስቀምጥ፣ ተራው ከኋላ ይውረድ።»

አፈረስኩት።
ሀሌታውን፣ ሐመሩን፣ ብዙኃኑን ከደጃፍ ላይ አስማማሁ፣
በየጓዳው ሦስት ሦስቴ መጠየቃቸውን አስቀረሁ።
«ከ» እና «በ»፣ «ለ» እና «የ»፣ ቃል ጫፍ ላይ የሚንጠላጠሉትን
አንዴ ገፈፍኩ፣ ደንቡ ሁሉ እንዲያገኘው ግንዱን።
ርካሹን ጥያቄ አስቀደምኩ፣ ውዱን ለጭንቅ ቀን አቆየሁት፤
መልሷን ያገኘችዋን ደብዳቤ «በቃሽ፣ ሂጂ» ብዬ ሸኘኋት።
ሌሊት ሙሉ ሲያቃስት ያድር የነበረው፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

ከአንዷ በቀር።

አንዷ ላይ ማሽኑ ቆመ። ማራገቢያው እንደ ተነካ ቀፎ ጮኸ።
ደንብ አርባ ሰባት፤ የእጄ ሥራ፣ የምስክር ቃል ልለይበት፦
«አለ» ባየህ ቁጥር ተናጋሪውን ፈልግ፤ ወደ ኋላ ሂድ፤
እስክታገኘው።
ርቀት አልወሰንኩለትም። የት ይሄዳል ብዬ ነበር፤
ተናጋሪ ከቃሉ አይርቅም፣ በሰላም አገር።

ከሸበል በረንታ ናት። ወይዘሮ ውዴ ታፈረ።
«ስሙን ከይዞታ ደብተሩ አትፋቁብኝ። አንሙት አለ።
ዓባይን ከተሻገረ ስድስት ክረምት ነው። አንሙት አለ።
አጎቱ ሙት ነው ብሎ ቢፈርምም፣ አንሙት አለ።
ዘንድሮም በስሙ አዘርቻለሁ። አንሙት አለ።»
አሥራ አንድ ገጽ ነው። በየአንቀጹ መጨረሻ ያው ሁለት ቃል።

ማሽኑም ነገሩ «አንሙት» ነው ብሎ፣ ያለውን ሰው ፍለጋ
ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መጀመሪያው መስመር ላይ ይደርሳል፤ ያጣል፤
ወደሚቀጥለው «አለ» ተመልሶ እንደ አዲስ ይነሣል።
ማነው አንሙት ያለው?
ማነው?
በጽሑፍ መላላትና መጥበቅ የለም፤ ፊደሉ አንድ ነው፣
የተናገረውም፣ በሕይወት ያለውም፣ በአንድ ልብስ የሚሄደው።

አቶ ቢተው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።
«ለ»ን አጠበቃት፤ ምላሱን ላንቃው ላይ አቆይቶ፣
«አንሙት አለ።»
አላላላትም። አንድ ገጽ ላይም።

ደንቡን አሳጠርኩት፦ አምስት ቃል ሂድ። ካጣህ ቁም። ለሰው ስጥ።
ማሽኑ በረደ። ዘጠኝ ሺህ፣ በአራት ደቂቃ፣ ያለ ምንም ድምፅ።

መዝገብ ላይ ምልክት ማድረግ ነውር ነው ብሎ ያስተማረኝ ሰው
ሄዶ ዋናውን ወረቀት ከፋይሉ ሥር አወጣው፤
እርሳሱን በምላሱ አረጠበና
ከ«ለ» አናት ላይ አንዲት ነጥብ አኖረ፣
ከሁለተኛዋ፣ ከሦስተኛዋ፣ ገጽ እየገለጠ፣
ቀስ ብሎ፣
የተኛ ልጅ እንዳይነቃበት።