ፊልም ማስጨረሻ

የአባቴ ፎቶ ቤት ዛሬ ጫማ ይሸጥበታል፣
ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ካርቶን ተቆልሏል።
ከጓዙ ለእኔ የደረሰኝ ድርሻ፣
ክዳኑ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ጎኑ ላይ «ማስታወሻ»
ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈበት፤
የደብረ ሲና ሰው ከፍሎ ያልወሰደው ልጅነት።

ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ በባትሪ እያየሁ፣
ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ዘረጋሁ፤
በግራ ያዘኑትን፣ በቀኝ የሳቁትን፣
መሃል ላይ ደግሞ ስሜታቸው ያልገባኝን።

ከግራ ልጀምር።
ስቱዲዮ ነው፤ ከኋላ የተሣለ ባሕር፣
(አባቴ ባሕር አያውቅም፤ ሰማያዊ ቀለም ቢተርፈው፣
ዘንባባ ጨምሮ፣ ጀልባ ጥሎበት ነው።)
ሦስት ነን፤ እኔ፣ እህቴ በለጥሻቸው፣ የጎረቤት ልጅ ሸዋቀና፣
ኳስ ይዘናል፣ የእውነት ኳስ፤
መምታት ግን ክልክል ነው፣ የፎቶ ቤቱ ነውና።
«ተጫወቱ!» ብሎን ነበር፣ «ግን እንዳትነቃነቁ።»
ጉንጫችን ተነፍቶ፣ ዓይኖቻችን ፈጠው ደርቀው፣
ዳኛ ፊት እንደቆመ፣ ዋስ እንዳጣ ተከሳሽ፤
ሳቅ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ከሦስታችን የለም አስታዋሽ።

ቀኙ ሌላ ነው።
ፊልም ማስጨረሻ፤ ከሠላሳ ስድስቱ አንዲት ስትቀረው
አባቴ ደጅ ወጥቶ፣ ሳያነጣጥር ያነሳው።
ከጣርማ በር የወረደው ጉም ቤቶቹን ግማሽ ውጦ፣
ጎማችን ቁልቁለቱን ከእጃችን አምልጦ፣
ሸዋቀና ከፊት፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ፣
እግሩ መሬት አይነካ፣ ሸሚዙ ክንፍ አውጥቶ፤
የእህቴ እጅ ወደ ፊት፤
እኔ ጥግ ላይ፣ ግማሽ ጉም ግማሽ ሰው፣
ጫማዬ አንድ ብቻ ነው።
ያየው ሁሉ «አቤት ደስታ!» ይላል።
የወንድሜ ልጅ የስልኳ ፊት አድርጋዋለች።

መሃለኛዋ የክብሪት ቀፎ ታክላለች።
አንዲት ልጅ ከጭቃ ግድግዳ ተጠግታለች፣
ፊቷ በሁለት መዳፏ፣ ጎኗ ወደ እኛ፤
ወይ ኩኩሉ ቆጣሪ፣ ወይ አልቃሽ ብቸኛ።
እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ባየቻት ቁጥር ከንፈሯን ትመጥ ነበር፤
«ምን አድርገዋት ይሆን? ምነው አንድ ሰው ቢናገር!»

እሑድ ለበለጥሻቸው ደወልኩ፣ ሸዋ ሮቢት፤
ሽንኩርት ታስለቅማለች፣ ከውኃ ሞተሩ በላይ ጮህኩባት።

«የቱ? ባሕሩ?» ሳቀች፣ ሳል እስኪያቋርጣት።
«ረሳሽው? ደስታ ከረሜላ ነበር በጉንጫችን፣
ከመሳቢያው የሰረቅነው! አፍ ከተከፈተ አለቀልን።
እንደዚያ ቀን ምንም ነገር ጣፍጦኝ አያውቅም።»

ጎማውስ?
ዝም አለች። ሞተሩ ብቻ።
«ከታች ትሬንታ ኳትሮ እየመጣ አልነበር?
ሸዋቀና አይስቅም፤ ‹ያዙኝ!› እያለ ነው፣ ቁልቁለቱ እግሩን ነጥቆት።
እኔም ሸሚዙን ልይዝ ነው። ጨረፍ አድርጌ ሳትኩት።
አባባ ለእናቱ ለምን ያልሰጠ መሰለሽ?»

ያኔ አራት ዓመቴ ነው። የሸዋቀናን ምርኩዝ
ከልደቱ ጀምሮ አብሮት ያለ ይመስለኝ ነበር።
ትዝ የሚለኝ፣ የጠፋው ጫማ።

የግድግዳዋስ ልጅ? አንቺ ነሽ? ለምን ነበር የምታለቅሺው?
«እኔ? ማን አለቀሰ? በጣቴ መሃል እያየሁሽ ነው!
ሁሌም ማገዶው ሥር ነበር የምትገቢው፤
ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነው አፌን ያፈንኩት።
‹ኩኩሉ› ስልሽ ‹አልነጋም› ትይኝ ነበር፤
ለእኔ ግን ገና ድሮ ነግቶ ነበር።»

ስልኩ ተዘጋ። ፎቶዎቹን መልሼ ቀላቀልኳቸው።
ያቺን ትንሿን ብቻ ለባትሪው አስጠጋኋት።
በሌባ ጣቷና በመሃል ጣቷ መካከል
አንድ ጥቁር ነጥብ አለ፤
ወይ ዓይኗ ነው፣
ወይ አባቴ ሲያጥብ ያልለቀቀ ጉድፍ።