የሉሉ ጾም

ነሐሴ ነው፣ ዐጅማን። ቤቱ ጭር ብሏል፤
ከውጭ መስታወቱ ያልበዋል፣ ከውስጥ ኤሲው ያጓራል፤
አስፋልቱ ላይ ድመት እንኳ ቆሞ መሄድ ይፈራል።
ቤተሰቡ ዝናብ ፍለጋ ዑማን ወርዷል፤
ሰላላ ነው የአገሩ ስም፣ ዝናቡ ግን ወፍራም ነው አሉ፤
ቁልፉን፣ ፍሪጁን፣ ዓሣዋን ለእኔ ትተው ተጓዙ ሁሉ።

ሐሙድ፣ የስድስት ዓመቱ፣ አንገቱን አውጥቶ በመስኮት
«ሉባባ! ሉሉን አደራ! እንዳትረሺያት!»

ሉሉ ማለት ሉል ነው በእኛ፤ ብርቱካን የመሰለች ዓሣ፤
ጅራቷ እንደ ሐር መጋረጃ ቀስ እያለ የሚነሳ።

በሦስተኛው ቀን ምግቧን በተንሁ፤ መጣች፣ ጎረሰች፤
ቆይታ እንደ ፍሬ ልጣጭ እንትፍ ብላ መለሰች።
በአራተኛው አልመጣችም። ከጥግ፣ ከማጣሪያው ሥር
ክንፎቿን ሰብስባ ቆመች፣ ሆዷ ተነፍቶ እንደ ፊኛ ነገር።

በስልክ ለሐሙድ ነገርሁት። ዝም አለ፤ ከዚያ በሹክሹክታ
«ሉባባ፣ ጾማ ነው?» አለኝ። «ረመዳን አለፈ እኮ፣ ጌታ!»
ሳቅሁ፤ ግን እጄ ቀዝቅዟል። እዚህ ቤት የመጣሁ ሰሞን
እኔም አምስት ቀን አልበላሁም፣ ማንም አልቆጠረውም ቀኑን።
ይህ ግን ሌላ ወሬ ነው። የዓሣዋ ይቅደም አሁን።

ብትሞት ማዳም ሌላ ትገዛለች፣ በዐሥር ድርሃም፤
ሐሙድ ግን የጉንጯን ነጥብ ያውቃል፤ አይታለልም።

የሻጂ ሱቅ ከመስጊዱ ጀርባ ነው፣ ወፍና ዓሣ ይሸጣል፤
የኬረላ ሰው ነው፤ ዐረብኛው ከእኔም ዐረብኛ ያነክሳል።
የሉሉን ቪዲዮ አየና ጢሙን እያሸ ጠየቀ፦
«ውኃ ቀየርሽ?» «ትናንት።» «ከየት?» «ከቧንቧ።» ራሱን ነቀነቀ።

ነሐሴ ላይ እዚህ አገር ቀዝቃዛ የሚባል ቧንቧ የለም፤
የጣሪያው ታንከር ሲንተከተክ ይውላል፣ ሌሊትም አይበርድም።
ልብስ የማጥብበትን ውኃ፣ እጄ የለመደውን ግለት
ሳላስተውል በእሷ ላይ ነው ለካ የገለበጥሁት።

አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ፣ ውኃ ውስጥ ነክሬ እንዳየው፤
ቢጫ ከሆነ ደኅና ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ መርዝ ነው።
አረንጓዴ ሆነ። የክረምት ሣር፤ ሌላ ጊዜ የምወደው ቀለም።
መርዙ ከየት መጣ ታዲያ? ግለት ብቻ እንዲህ አያደርግም።

እጄን እስከ ክርን ከትቼ ጠጠሩን ገለጥ ባደርገው
የበሰበሰ ምግብ፣ ክምር፤ ሽታው አፍንጫ የሚሰብር ነው።
ከሥሩ የተምር ቁራጭ። የብስኩት ጫፍ። ሩዝ።
ሐሙድ ነው። ሊሄዱ ሲሉ፣ እናቱ ሻንጣ ስትዘጋ፣
የዐሥራ ሁለት ቀን ቀለብ ደፍቶላታል፣ ሆዷ እንዳይሰጋ።

መውደድ ነው ውኃውን የበከለው። ማንን ልቆጣ?

«አትመግቢያት» አለ ሻጂ። «ሦስት ቀን፣ አራት፣ ምንም።
የታጨቀ ሆድ መድኃኒት አይቀበልም።»
እንግዲህ ጾሙ ታዘዘ፤ ልጁ ቀድሞ ያወቀው።

ማታ ባልዲ እሞላለሁ፣ መኝታ ክፍሌ አስገብቼ
በኤሲው ንፋስ አሳድረዋለሁ፣ ክሎሪኑ ይውጣ ብዬ ክፍት ትቼ፤
ጠዋት በክርኔ እለካዋለሁ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው፤
ሲሶውን ብቻ እቀይራለሁ፤ ድንጋጤም ዓሣ የሚገድል ነው።
ጨው፣ አዮዲን የሌለበት፣ ለአንድ ባልዲ አንድ ማንኪያ፤
መብራቱን አጠፋሁላት፤ ለታመመ ጨለማም ነው ማገገሚያ።

ምሽት ምሽት መሬት ተቀምጬ የስንጥቧን ምት እቆጥራለሁ።
ቶሎ ቶሎ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ዘገየ፤
ዐርብ ከጥጓ ወጣች፤ ሆዷም ጎደለ፣ ዓይኔ አየ።

«አተር ቀቅዪ» አለኝ ሻጂ፤ «ልጣጩን አንሺ፣ ለሁለት ክፈይ።»
ክክ ነው በለኛ! ለሐርቡ ልጅ ክክ ይነገራል ወይ?

ግማሿን በጣቴ ጫፍ ይዤ ውኃው ላይ ዝቅ አልሁ።
መጣች። ሸተተች። ተመለሰች። ትንፋሼን ዋጥሁ።
ደግማ መጣች፤ አፏን ከፈተች፤
ጎረሰች። ጠበቅሁ። አልተፋችም። ዋጠች።

ለሐሙድ በድምፅ ላክሁለት፦ «አፈጠረች።» ሌላ አልጨመርሁም፤
ስለ ተምሩ፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ጠጠሩ አልነገርሁም።
የተረፈችውን ግማሽ አተር
እኔ በላኋት። ጨው አልነበራትም።