አራት ደቂቃ

የርችቱ ጢስ ገና ከቦዩ ላይ ሳይነሳ፣
ስድስተኛውን ቦምቦሊኖ ውጬ ሳገሳ፣
አፌ አመለጠኝ፤ ሚስቴ ሰማች፣ ጎረቤትም፤
«ዘንድሮ ማራቶን እሮጣለሁ። ሙሉውን። ግማሽ አይደለም።»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንግዳ ሄዶ ቤቱ ሲረጋ
ቃሌ ብቻ ቀረ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ እስኪነጋ።

ሥራዬን ልንገራችሁ፤ የሮተርዳም ድልድይ ከፋች ነኝ፤
ሃያ ስድስት ዓመት በመስታወት ጎጆ ወንበር ያረጀብኝ።
ጀልባ ሲመጣ እደውላለሁ፣ ቀይ አበራለሁ፣
አጥሩን አወርዳለሁ፣ መንገዱን ወደ ሰማይ አነሳለሁ፣
የቸኮለ ከተማ አራት ደቂቃ አቆማለሁ።
ብስክሌተኛው ይረግመኛል፣ አዋላጇ ሰዓቷን ታያለች፣
ሯጩ በቆመበት ይዘላል፣ እግሩ የተቃጠለ ይመስል።
እኔ የአተር ሾርባዬን አማስላለሁ፤
ሲበርድልኝ እጠጣለሁ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የርችት ወረቀት ረግጬ
ከመብራት ምሰሶ እስከ መብራት ምሰሶ ሮጬ
ሦስተኛው ላይ ተደገፍኩ፤ ሳንባዬ እንደ አሮጌ ወናፍ።
«አምቡላንስ ልጥራ?» አለች ውሻዋን የምታናፍስ ሴት ስታልፍ።

ምክር በዛ። ሌንደርት፣ አሥራ ሦስት ማራቶን የጨረሰው፣
ደረጃ ሲወርድ ግን ጉልበቱ የሚንቋቋው ሰው፣
«እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል፤ ቀንስ» አለኝ።
የሚስቴ ወንድም ልጅ በቀለም የደመቀ ሰንጠረዥ ላከልኝ፤
ማክሰኞ ዳገት፣ ሐሙስ ፍጥነት፣ እሑድ ረጅም ይላል።
ዳገት! በዚህ አገር! ከባሕር በታች በተነጠፈ ሰፌድ!
ያለችኝ ዳገት ድልድዬ ናት፤
ከሥራ ስወጣ በጨለማ ወጣሁባት፣ ወረድኩባት፣
እሷም ታዘበችኝ፣ እኔም አፈርኩባት።

የመረጥኩት የሰነፍ መንገድ ነው፤
አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤
ቆይቶ ሁለት ለአንድ፤ ቆይቶ አራት ለአንድ።
ለብቻዬ አወራለሁ፣ ሌንደርት እንዳለኝ፣
የጀልባዎቼን ስም እጠራለሁ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ።
ንፋሱ ስሄድ ከፊቴ፣ ስመለስም ከፊቴ ነው፤
እንዴት እንደሚያደርገው እሱ ይወቀው።
በጥር መንገዱን የሞላው ያ ሁሉ አዲስ ጫማ
በየካቲት የት ገባ? ማንም ወሬውን አልሰማ።
እኔም ልቀር ነበር፤ በሰባተኛው ሳምንት ባቴ ተሸማቀቀ፣
አሥር ቀን ሶፋ ላይ ቃሌን ስሸሸው፣ እሱ ግን አልራቀ።

ሚያዝያ ደረሰ። ሠላሳ ስምንተኛው ኪሎሜትር ላይ፣
ጨው ፊቴን አንጥቶት፣ ድልድዬን ከሩቅ ሳይ፣
ደወሉ ጮኸ።
ውሉን አውቀዋለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሯጭ፣
ከዚያ በኋላ ለጀልባ።
ዘጠኝ ከሁለት ደቂቃ ሆኗል።
በመስታወቱ ውስጥ ሲትስከ አለች፣ ያስተማርኳት ልጅ፣
«ለማንም አትራሪ፣ አባትሽም ቢሆን» ያልኳት ልጅ።
አየችኝ። እጇ አዝራሩ ላይ ቀረ።
ራሴን ነቀነቅሁላት፤ አውርጂው።

አጥሩ ወረደ። መንገዱ ተነሳ፣
አስፋልቱ ከፊቴ እንደ ግድግዳ ቆመ።
ከሥር አሸዋ የጫነ ጀልባ፣ አፍንጫው ላይ ቡችላ፣
ምን አስቸኮለው? ምንም።
አጠገቤ የቆመች ብስክሌተኛ
«ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው እዚያ የተቀመጠው!» አለች።
«አራት ደቂቃ ብቻ ነው» አልኳት፤
ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ እግሬም ተንቀጠቀጠ።
ለካ ከዚህ ማዶ ስትቆም
አራት ደቂቃ ረጅም ነው።
ሃያ ስድስት ዓመት ከሰው ላይ የወሰድኩትን አሰላሁ፤
ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቁጥሩ በዛብኝ፣ ተውኩት።

በቆምኩበት አልዘለልኩም።
መንገዱ ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ ብረት ከብረት ተሳሳመ፣
አጥሩ ወጣ።
ሰንጠረዡ ላይ ሩጫ አለ፣ እርምጃ አለ፤
መቆም የሚል የለም።
በእስክሪብቶ እጨምርበታለሁ፣ ቤት ስገባ።
አሁን ግን ይሄ ዳገት አለ፤
ያለችኝ አንዲት ዳገት።