ፍንጭት

አባቴ ጥርስ ሲሠራ በሰም ነበር የሚቀርጸው፣
በትንሽ መብራት ነበልባል ቢላዋውን እያጋለ፤
አንዲት ክራንቻ ለመጨረስ ቀኑ ሙሉ የማይበቃው፣
የጀሶ ብናኝ ቅንድቡን በነጭ አቧራ እየሳለ፣
እራት ቀርቦ ስንጠራው "ትንሽ ቀረኝ" እያለ።

የእኔ ቢላዋ ብርሃን ነው፤ ስለት የለው፣ እጀታ፤
ሳህኑ ሙጫው ውስጥ ጠልቆ፣ ብልጭታ ነክቶት ላፍታ፣
የፀጉር ግማሽ የምትሆን ስስ ገለባ ትረጋለች፤
ሳህኑ ቀና ሲል ደግሞ ሌላዋ ትደረባለች።
አራት መቶ ጊዜ እንዲህ እየጠለቀ ሲወጣ፣
እንደ ሌሊት ወፍ ቁልቁል የተሰቀለ ጥርስ መጣ።

ኒካሲዮ ቺኔያ ከሸለቆው ራስ የወረደ ዕለት፣
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ አፉ ላይ መዳፉን ጭኖበት፣
"ለመብላቱስ" አለኝ "በሶ መች ይጠፋል?
ለሳቅም ቢሆን፣ የሚያስቀኝ ሰው አልፏል።
እኔን የከፋኝ ፉጨቴ ነው፤
ንፋስ ብቻ ሆነ። ቃሉስ፣ ጓሲማራ? ቃሉ የት ነው?"

በላ ጎሜራ ሰው ሲጣራ አይጮህም፤ ጣቱን አጥፎ
ያፏጫል፤ ስሙ፣ ግሡ፣ ጥያቄው በፉጨት ከንፎ
እግር ግማሽ ቀን የሚለምነውን ገደል
ባንድ ትንፋሽ ዘሎ ማዶ ደጃፍ ላይ ጠብ ይላል።
ማዶ እህቱ አለች፣ ኤውዶሲያ፤ ስልክ አትይዝም፤
"ጩኸቱ ለሁሉም አንድ ነው" ትላለች፣ "ማን እንደሆነ አይነግርም።"

ብዕር የምታህል ካሜራ ድዱ ላይ አዞርኩኝ፤
ስክሪኑ ላይ ደሴታችንን መስሎ ታየኝ፦
ገደል፣ ሸንተረር፣ ውሃው የሸሸው ወንዝ።
ጥርስ ተከልኩበት፣ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ የማይወዛወዝ።
የመጀመሪያው እፍ ብቻ አለ፤ ሁለተኛው ምራቅ ረጨ፤
ሦስት፣ አራት፣ አምስት…
ስድስተኛው ላይ፣ ተመስገን፣ አፏጨ!

ጥርት ያለ ፉጨት፣ ጠርሙስ የመሰለ።
ማዶው ዝም አለ።
ቆየና፣ "ማነህ አንተ?" አለ።
"ኒካሲዮ ነኝ።"
"ኒካሲዮን አውቀዋለሁ። አንተ ማነህ?"

ጥርሱን አወለቀ። በመሐረብ ጠቅልሎ መዳፌ ላይ አኖረው።
ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ያን ባዳ ግን የሠራሁት እኔ ነኝ፤
ማታ ወደ ቤት ስሄድ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ነከሰኝ።

"ፎቶ ካለህ አምጣልኝ" አልኩት፤ አንዲት ብቻ ናት ያለችው፣
የሙዝ መጋዘን ደጃፍ ላይ ወጣት ሆኖ ሲስቅ የያዘችው።
በላይ ፊት ጥርሶቹ መሐል ክር የሚያሳልፍ ፍንጭት፣
የግራው ጫፍ ደግሞ ሽርፍ ያለ፣ ሰያፍ ስብራት።
"ይኼን ማን ሰበረው?" "እሷ ናታ!" ሳቀ በባዶ ድዱ፤
"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከገደል አፍ በለስ ልታወርድ
የወረወረችው ድንጋይ እኔ ላይ ሆነ መውረዱ።"

ሌሊቱን ያማረውን አበላሸሁ። ፍንጭት ከፈትኩ፣ ጫፍ ሸረፍኩ፤
ማሽኑ በቀይ ጮኸ፦ "ጉድለት አለ!" "አውቃለሁ" አልኩ።
በአንድ ፀጉር አሰፋሁት፣ በግማሽ ፀጉር መለስኩት፤
እኩለ ሌሊት ላይ ባሌ ደወለ፤ "ትንሽ ቀረኝ" አልኩት።

ሰባተኛው በአልኮል ታጥቦ፣ በብርሃን ጠጥሮ፣
ጉብታው ላይ አብረን ወጣን። ጣቱን አጥፎ፣ ጉንጩን ወጥሮ
"ድንቹን ነቅለሻል ወይ?" አለ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የቆየ ሰው፣
ሌላ ምንም የሚለው አልነበረው።

አንድ ውሻ ጮኸ። ጉም ከገደሉ ግርጌ ተላቀቀ።
ከዚያ መልሱ መጣ፣ ተቆጥቶ፣ ሸለቆውን እየሰነጠቀ፦
"ድንቹማ ተነቅሎ፣ ተበልቶ፣ ሁለት ዙር አለቀ!
እስካሁን የት ገብተህ ነው፣ አንተ ሽራፋ!"

ጣቱን አፉ ውስጥ ቢከትም ሳቁ ትንፋሹን አጠፋ፤
እየሳቀ የሚያፏጭ የለም።
ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።