የተገለበጠ ጃንጥላ

ሴጌድ ውስጥ ነው፣ ከቲሳ ወንዝ አጠገብ፤
ሁለቴ የጣለኝን መጽሐፍ ለሦስተኛ ሳነብ፣
ዶክተር ሃልሞሽ ኢሎና ቀይ እርሳሳቸውን አሹለው
አምስት እጅ ያበቀልኩለትን ካርቦን ሰረዙት፣ ከብበው።
«አሽካለ» አሉኝ — አስካለን ማለታቸው ነው፤ «ስ» በእነሱ ፊደል «ሽ» ነው —
«የካርቦን እጁ አራት ነው። አምስተኛው የማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሸምድጄ ነበር የመጣሁት፤
ሁለት መቶ ሰባት አፀግብሮት፣ በካርድ በካርድ የጻፍኩት፣
ሌሊት ሌሊት ኮሪደር ላይ እንደ ዳዊት የደገምኩት፤
ብሮሚን ሲገባ፣ ውኃ ሲወጣ፣ አሲድ ሲንጠባጠብ፣
ማን ስለምን ማንን እንደያዘ ሳልጠይቅ፣ ሳላስብ።

«ካርዱን ተዪው» አሉኝ፤ ጠመኔ አነሡ፤
ሰሌዳው ላይ አንዲት ጎባጣ ቀስት ስለው ተመለሱ።
«ከየት ትነሣለች?
ካለው።
የት ታርፋለች?
ከጎደለው።
ይኸው ነው ሕጉ፤ የቀረው ዝርዝር ነው።»
እኔ የማውቀው ቀስት ግን
ከጎደለው ተነሥቶ ካለው ላይ ሲያርፍ ነው፤
ይህንኑ ብላቸው ሳቁ፤ «እኔ የማወራው
ስለ ኤሌክትሮን ነው።»

ቦግላርካ፣ የቤተ ሙከራ ጥንዴ፣ ሁለት ብልቃጥ ከፍታ
«አሽትቺ» አለችኝ አንድ ማታ።
አንዱ ናና ነው፤
ሌላው ጠቆር ያለ ዳቦአቸው ላይ የሚነሰንሱት፣ አዝሙድ የሚመስለው።
«ቀመራቸው አንድ ነው፤ አቶም በአቶም፣ ክንድ በክንድ፤
እንደ ግራና ቀኝ እጅሽ ናቸው፤ ቢተያዩም አይሆኑም አንድ።
አታምኚም? የግራ ጓንትሽን ቀኝሽ ላይ አጥልቂያት።»
ሞከርኩ፤ አውራ ጣቴ መግቢያው ጠፋት።

ቤንዚን ደግሞ — መኪና የሚጠጣው ሳይሆን ቀለበቱ —
ስድስት ወንድማማች ናቸው፣ ርስት ያልተካፈሉ፤
እሳት ቢያስፈራራቸው፣ አሲድ ቢያባብላቸው፣ አንድ ላይ ያድራሉ።

የፈተናው ዋዜማ፣ ድልድዩ መሀል፣ ዝናብ።
ነፋስ ከወንዙ ተነሥቶ ከጃንጥላዬ ሆድ ገባ፤
ሽቦዎቹ ለቅጽበት ዝርግ ሆኑ፣ እንደ ሰፌድ፤
ጃንጥላም አይደለ፣ ጽዋም አይደለ፤
ከዚያ በአንዴ ወደ ሰማይ ዞሩ፤
ጫፉ ላይ የነበረችው ቆብ ተስፈንጥራ ቲሳ ገባች።
አንዱ በሆድ ሲገባ፣ ሌላው በአናት ሲወጣ፣
መሀል ያለው ሁሉ ሲገለበጥ — ይኸው እኮ ነው!
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ፣ እጄ ላይ፣ ረጥቦ።
ብቻዬን ሳቅሁ። ባለ ብስክሌት ሽማግሌ ዘወር ብሎ አየኝ፣
ያበድኩ መስሎት አማተበ።

ጠዋት፣ ሰሌዳው ፊት። አንዲት ቀስት ሣልሁ፤
ካለው ወደ ጎደለው፣ በጀርባ አስገባሁ።
«ተሰናባቹስ?»
«ጥንዱን ኤሌክትሮን ይዞ ይወጣል፤
ጥሩ ተሰናባች» አልኩ፣ «ከወጣ በኋላ ብቻውን መቆም ይችላል።»
ብዬ ዝም አልኩ። የራሴ ድምፅ ነው ያቆመኝ።
ዶክተር ሃልሞሽም ጠመኔአቸውን እያገላበጡ አዩኝ።
ከዚያ ስድስቱን ወንድማማቾች እንድስል ጠየቁኝ፤
እነሱን አበላሸሁ።

ከአምስት ሁለት ሰጡኝ። ዝቅተኛው ማለፊያ።
ቦግላርካ ደጅ ጠበቀችኝ፤ «እሺ?»
«ማለፊያ» አልኳት፤ ቃሉ በኛ አፍ ሁለት ፊት እንዳለው፣
ለጥሩ ልጅም ለጥሩ ጠላም እንደሚባል ሳስረዳት
አውቶቡሱ አመለጠን።

ጃንጥላውን አልጠገንኩትም። መኝታ ቤቴ ጥግ
እንደተገለበጠ ቆሟል፤ ካልሲ አሰጣበታለሁ።