የባሮ ሽንኩርት ማኅበር ቃለ ጉባኤ

መዝገቡ ከባድ ነው፣ ጀርባው በክር ተሰፍቷል፣
ሽፋኑ ላይ ሻይ ፈሶ ካርታ መስሎ ቀርቷል።
ዘጠና ሁለት ዓመት፣ ያምስት ጸሐፊ እጅ፣
ስድስተኛዋ እኔ፣ ያውቶቡስ ነጂ ልጅ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የከሰል ጣት አሻራ፤
ከጉድጓድ የወጡ፣ የደርሃም አሥራ አንድ ወንዶች በተራ
ስማቸውን ጻፉ፣ ሦስት ፔኒ ከፈሉ፤
"ባሮ ሽንኩርት ማብቀል፣ መመዘን ነው" አሉ፤
ከዚህ ሌላ ዓላማ አንድ ቃል ሳይሉ።

ጉድጓዱ ተዘጋ፣ ባቡሩም ቀረ፤
የጸሎት ቤታችን ምንጣፍ መሸጫ ነበረ፣
አሁን እሱም የለም። ማኅበሩ ግን ኖረ።

ምን ትሠራላችሁ ላሉኝ፦
የካቲት ዘር መለዋወጥ፣ መጋቢት ፋንድያ፣
ሚያዝያ ላይ ጭቅጭቅ ስለ ቧንቧ መክፈያ፣
ግንቦት አጥር መጠገን፣ ሰኔ ቀንድ አውጣ ለቀማ፣
በባትሪ፣ በሌሊት፣ በባልዲ፣ ሳይሰማ።
ከሐምሌ ወዲያ ግን ማንም ማንን አያምንም፤
በር ይቆለፋል፣ ሻይ እንኳ አይለመንም።
ሪድሊ መደቡ ዳር ታጣፊ አልጋ ይዘረጋል፣
አርኖልድ የሚያጠጣውን እግዜር ብቻ ያውቃል፤
(የቢራ አተላ ነው፣ ጥቀርሻና የበግ በጠጥ፤
ሚስቱ ነግራኛለች፣ በማርማላታ ለውጥ።)

ደንብ ቁጥር አራት፣ በቀይ የተጻፈው፦
"የሌላ ሰው እጅ ሽንኩርቱን ከነካው፣
ካጠጣው፣ ግንዱንም ጋዜጣ ካለበሰው፣
ከውድድር ይውጣ።" ስንቱን ሰው አስለቀሰው!
ገጽ ሁለት መቶ ሦስት፦ ወንድም ወንድሙን ከሰሰው።

አምና በነሐሴ ሰማዩ ነሐስ ሆነ፤
ቧንቧ ባዋጅ ታገደ፣ ወንዙም መነመነ።
ዊኒፍሬድ ሞተች። ሰባት ቁጥር መደብ።
ሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣ ሽንኩርቷን ሳትሰበስብ።
ሁለት ባሮ ሽንኩርት፣ የልጅ ጭን የሚያህሉ፣
መንታ ወንድማማች፣ ውኃ እየጠበቁ ዋሉ።
ሠላሳ አራት ጊዜ ቀርባ አንዴም አላሸነፈች፤
ሁለተኛ ወጥታ፣ የተሸለመችውን ፎጣ እያጠፈች፣
"ከተዳርኩ ወዲህ ፎጣ ገዝቼ አላውቅም" እያለች።

ስብሰባ አልጠራንም።
በሦስተኛው ሌሊት ቀስ ብዬ፣ ባልዲ ይዤ፣
ባጥሩ ቀዳዳ ገባሁ፣ እንደ ጀማሪ ሌባ ፈዝዤ፤
አፈሩን ብነካው፣ እርጥብ ነው! ከኔ በፊት
አንድ ሰው አጠጥቷል። ቆምኩኝ ለጥቂት።
የሪድሊ አልጋ ባዶ።
ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፦ ቢራና ጥቀርሻ፤
አርኖልድ ለወንድሙ እንኳ ያልሰጠው ጉርሻ።
ግንዱ የለበሰው ጋዜጣ በፖላንድ ቋንቋ ነው፤
ከቦዠና በቀር እዚህ ማን ያነበው?
ባልዲዬን ደፋሁት፣ የኔም እንዳይቀር ብዬ።

መስከረም። አዳራሽ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ሜትር፣ ሚዛን፣
ዳኛው ከሌላ መንደር፤ የራሳችንን አናምን።
ለካ፣ ዳግም ለካ፣ ጽፎ መልሶ ሰረዘ፤
"አንደኛ፣ ሰባት ቁጥር።" አዳራሹ ፈዘዘ።
መነጽሩን አወለቀና፣ "ማን አጠጣው?" አለ፣
"ባለቤቷ ሞታ፣ ውኃው ተከልክሎ ሳለ?"
ሪድሊ ጣሪያ አየ። አርኖልድ ጫማውን።
ቦዠና እንግሊዝኛ ጠፋባት በዚያን ቀን።

ሁሉም ወደኔ ዞረ፤ ብዕሩ እኔ ጋ ነው፤
ዘጠና ሁለት ዓመት ያልዋሸ መዝገብ ነው።
ጻፍኩ፦
"በነሐሴ ወር፣ በሰባት ቁጥር መደብ፣
ዝናቡ በቂ ነበር።"

ሪድሊ አቀረበ፣ አርኖልድ ደገፈ፤
ሁለተኛ ነበር፤ ፎጣውን አጠፈ።