ልኬት፦ አንድ ለሁለት መቶ

ባሕር አላየሁም፤ ያየሁት ሐይቅን ነው፣
እሱንም ባውቶቡስ፣ በመስኮት አሻግሬ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከፕላን ክፍል ጥግ
የደሴን ቦይ ሣልኩኝ፣ አንገቴን ሰብሬ።
ቀን ቀን ለመንግሥት ነው፣
ማታ ማታ ለኔ፤
በቻይና ቀለም፣ በቀጭን ራፒዶግራፍ
መርከብ እሥላለሁ፣ አምፖሉን አውርጄ፣ እስኪቀላ ዓይኔ።

የፈረንሳይ ናቸው፣ ከባድ ክሩዘሮች፣
ካንዱ ጦርነት ወዲህ፣ ከሌላው ወዲያ የተወለዱ፣ የፋታ ዘመን ልጆች።
ሰባት ናቸው፤ እንደ ጎረቤት ልጅ በየስማቸው እጠራለሁ፦
ዱኬን፣ ቱርቪል፣ ሱፍረን፣
ኮልቤር፣ ፎሽ፣ ዱፕሌክስ፣
ታናሻቸው አልዤሪ፣ ባለ አንድ ጭስ ማውጫዋ። አልዋሽም፣ እሷን አስበልጣለሁ።

መቶ ሰማንያ ስድስት ሜትር ናት፤ ለሁለት መቶ ስትካፈል
ዘጠና ሦስት ሳንቲም፤ የጦይባን ጠረጴዛ ትሞላለች፣ ለሳህን ቦታ እስኪጠፋ።
ስምንቱ መድፎቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በአራት ማማ ላይ፤
ጦይባ ሽንኩርት እንደያዘች ትቆማለች፤
«ይሄ ሁሉ መድፍ ማንን ሊመታ ነው፣ እኛ ቤት ሲታይ?»
«ማንንም» እላለሁ፣
ብረቱ የተሰፋበትን ምስማር እቆጥራለሁ።
ለአንዲት ክብ መስኮት ሦስቴ ትንፋሼን እይዛለሁ፤
ቀለም ከተንጠባጠበ፣ በምላጭ ጫፍ ፍቄ፣ ወረቀቱን በጥፍሬ አልሼ፣
እንደገና እጀምራለሁ።

ነገሩን ያመጣው አባቴ ነው፣ ይመር፤
በወጣትነቱ ጅቡቲ ወርዶ ጆንያ ሲሸከም ነበር።
አንዷን አያት። ስሟን አላነበበም፤ ፊደል አልቆጠረም፤
ያየውን ግን እስኪሞት ድረስ አልቀነሰም፣ አልጨመረም፦
ሁለት ጭስ ማውጫ፤
እግሩ ሦስት የሆነ ምሰሶ፤
ደግሞ አንዱ መርከበኛ፣ በመድፉ አፈሙዝ ላይ
ያሰጣው ሸሚዝ፣ ነጭ፣ ነፋስ ለብሶ።
ሱፍረን ትሁን፣ ፎሽ ትሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤
ፎቶግራፉን ሁሉ በአጉሊ መነጽር ፈተሽኩ፤
ሸሚዙን አላገኘሁም።

ከሰባቱ አራቱን፣ ቱሎን ወደብ ላይ፣
ጠላት ሊይዛቸው ሲል፣ የገዛ ልጆቻቸው አሰመጧቸው።
አልዤሪ ብዙ ቀን ነደደች ይላል መጽሐፉ፤
ሳነበው እበሳጭ ነበር፤ እንዴት አስቻላቸው?

በዚያ ጥቅምት ተኩሱ በጦሳ ማዶ ሲሰማ፣
ሰዉ ፍራሹን አዝሎ ወደ ኮምቦልቻ ሲተም፣
ሰባቱን ጠቅልዬ በውሃ ቱቦ ከተትኩ፤
(ቱቦው ከማዘጋጃ ቤት የተረፈ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ)
ከባሕር ዛፉ ሥር ቀበርኋቸው።
ከባሕር ጋር ያገናኛቸው የዛፉ ስም ብቻ ነው።
ጦይባ ባትሪ ያዘችልኝ። አልሳቀችም።

ስንመለስ በሩ የለ፤ ጠረጴዛው ማገዶ ሆኗል።
ቶሎ አላወጣኋቸውም፤ እጄም ልቤም ፈርቶ፤
ክረምት ካለፈ ነው የቆፈርኩት፣
ቱቦው ባንድ ጫፉ ተሰንጥቆ፣ ዝናቡን ጠጥቶ።
ስድስቱ ደኅና ናቸው።
የአልዤሪ ግራጫ ውሃ ቀለም ግን፣ ከወገቧ በታች
ፈሶ፣ ተንሰራፍቶ፣ ማዕበል የሚመስል ነገር ሠርቷል።
ማዕበል ሥዬ አላውቅም።
ጦይባ ወደ ብርሃን አነሣቻት፤ ዝም አለች፤ ቆየች፤
«እንግዲህ ውሃ ነካት» አለች፣ «አሁን መርከብ ሆነች።»

ዛሬ በሁለት በርሜል ላይ ሳንቃ አጋድሜ
ሱፍረንን እንደ አዲስ ይዣለሁ። ውጭ ጉም ነው፤
ጦሳ ታች ታቹ ጠፍቶ፣ ላዩ ብቻ ቀርቷል፣ ሊነሣ እንዳሰበ።
ከሁለተኛው ማማ፣ ከግራው አፈሙዝ ላይ
ሸሚዙን ሣልኩት።
ልኬት አልጻፍኩበትም፤
የእጅጌውን ርዝመት አባቴ አልነገረኝም፣
ነፋሱንም የለካው የለም።